ለገድሉ ነፍስ የተቆፈረው ጉድጓድ

አገርነሽ ደጅ ካለው ጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባልዲውን ስቦ ካወጣ በኋላ ቀና ብሎ «የገድሉን ነፍስ ይማር» ማለት። እሷም ጓዳ ትሁን አጥር ሥር፣ ሽንኩርት ትላጥ ልብስ ትጠብ፣ «አሜን፣ የእናንተንም» ትላለች። በቃ። ከሰባታሚት ዳር ያለው ያ መንደር ሰባት ዓመት ሙሉ ውኃ የጠጣው እንዲህ ነው።

ልጅ አልወለደችም። ወንድሞቿ እንፍራንዝ ናቸው፤ ለለቅሶ ካልሆነ አይመጡም። ያቺ «አሜን» ግን ከነጋ እስኪመሽ ሠላሳ አርባ ጊዜ ከአፏ ትወጣለች፤ በወጣች ቁጥር ባሏን አንድ ስንዝር ወደ ብርሃን የገፋችው ይመስላታል። ይህ ሞኝነት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ትዳሩን ቀብሮ ብቻውን ራት በልቶ ይየው።

ገድሉ በሕይወት ሳለ ሥራው የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ሜዳ ላይ ነበር። መኪናዎቹ ሲመጡ በእጁ እያመለከተ «ኋላ! ኋላ! በቃ፣ ልቀቀው!» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። የሐኪም ቤት መርፌ፣ የጋራዥ ዘይት፣ ያለቀ ባትሪ፣ የሞተ ውሻ፣ የሆቴል ትራፊ፣ ሁሉም መሬት የነካው በእሱ እጅ ምልክት ነው። ቤታቸውንም የሠሩት በዚሁ ሥራ ምክንያት ከሜዳው በታች፣ ተዳፋቱ ላይ ነው፤ ሽታውን የሚችል ሰው ስለጠፋ ቦታው ርካሽ ነበር። ከዚያ ሳል ያዘው፣ ከሳ፣ ሞተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ሲተነፍስ እንደኖረ የጠየቀ ሐኪምም አለቃም አልነበረም።

እሱ በሞተ በዓመቱ ሜዳው ተዘጋ። አፈር ተከመረበት፣ ሣር ተዘራበት፣ ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን ቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ከሥር የተቀበረው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ከአጨብጫቢው አንድ እንኳ የጠየቀ የለም። ዝናብ በአፈሩ ይሰርጋል፣ ቆሻሻውን እያጠበ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የገድሉ ሙት ዓመት ሲቃረብ ዘመዶቹ ተሰበሰቡ። ሁለት በሬ ይታረድ፣ ድንኳን ይጣል፣ ጠላው በበርሜል ይጠመቅ አሉ። አገርነሽ ያን ጊዜ ውኃ የምታመጣው አንድ ሰዓት ሙሉ ተጉዛ ነው። ጀርባዋን እያሸች አሰበችበት፣ አሰበችበትና ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሄደች። እሳቸው ጣና ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ እሷንም የሚጠሯት በክርስትና ስሟ ነው።

«አባቴ» አለቻቸው፣ «ሁለት በሬ በአንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል። ሰውም አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ተዝካሩን ልተወውና ጉድጓድ ላስቆፍርለት። የተጠማ ሁሉ እየጠጣ ነፍስ ይማር ይበለው። ኃጢአት ይሆንብኛል?»

የቄሱ ፊት በራ። «ወለተ ኪዳን፣ እኔ ስንት ተዝካር በላሁ፤ እንዲህ ያለ አልሰማሁም። ቆፍሪ።»

ዘመዶቹ አኮረፉ። የገድሉ እኅት በሰው ለቅሶ ቤት መሀል ቆማ «ወንድሜን በባልዲ ሸኘችው!» ብላ አዋረደቻት። አገርነሽ ቆፋሪ ጠራች። ቆፋሪዎቹ አሥራ አራት ሜትር ሲደርሱ ውኃ ፈለቀ። ቄሱ መጥተው ጸሎት አደረሱበት፤ መጀመሪያ የጠጡትም እሳቸው ናቸው።

ውኃው የተለወጠው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሻይ አጠቆረ፤ ቅጠሉ ገና ጠብ ሲልበት እንደ ቀለም ይጠቁራል። ከዚያ የታጠበ ነጠላ የዝገት መልክ አወጣ። ከዚያ ደግሞ ጧት ክዳኑ ሲነሣ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸት ጀመር። ሰው አልደነገጠም። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሀዲስ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ «ገድሉ እኮ በሕይወቱም ይሸት ነበር፤ ሥራው ነው» ብሎ ወረፋተኛውን አሳቀው። አገርነሽም አብራ ሳቀች። ለነፍስ የተሰጠ ውኃ ሰው ይጎዳል ብሎ ማሰብ ለአንዳቸውም አልመጣላቸውም። የተጸለየበት ነው፣ ስንት አፍ የመረቀበት ነው፤ እንዴት ይከፋል?

በዚያው ዓመት ጎረቤቷ ሰብለ ወንጌል ርሆቦትን ወለደች። ሰብለ ወንጌል በአንድ ኮሌጅ ካፍቴሪያ የምትሠራ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ጡቷ እምቢ ስላላት ሕፃኗን የቆርቆሮ ወተት እየበጠበጠች ነው ያሳደገቻት። ሕፃኗ ባልተመቻት ቁጥር አገርነሽ «ደጋግመሽ አፍዪው፣ ሁለት ሦስቴ አፍዪው» ትላታለች። ሰብለ ወንጌልም ታዛዥ ናት፤ ታፈላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ እንደገና ታፈላለች። ርሆቦት በአራተኛ ወሯ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ትንፋሽዋ አጠረ፣ ሞተች። «ምች ነው» አለች አገርነሽ፤ ሌሎቹም «ምች ነው» አሉ። ሁለት ክረምት አለፈ።

ከዚያ ኪሩቤል የሚባል ወጣት መጣ። ውኃ የሚመረምር ባለሙያ ነው፤ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ በጠርሙስ ቀድቶ ወሰደ። በአራተኛው ወረቀት ይዞ መጣ። «ቁጭ በል እንጂ» ብትለው እምቢ አለ። ውኃ ላቅርብልህ ልትለው አፏን ከፈተች፣ ፊቱን አየችና ዘጋችው።

«እትዬ አገርነሽ፣ ከመጣያው ጀምሮ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ድረስ የከርሰ ምድር ውኃ መጠቀም ተከልክሏል። አይጠጣም፣ አይበሰልበትም፣ ከብት አይጠጣውም፣ ጎመን አይለማበትም። አዲስ ጉድጓድ መቆፈርም ክልክል ነው።»

«እስከ መቼ?»

«አይታወቅም። ሠላሳ ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«እኛስ ምን እንጠጣ?»

«ቦቴ ይመጣል፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ደብዳቤ ጽፈናል።» ከቦርሳው አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ አወጣ። «ይሄ ለክዳኑ ነው። መክፈቻውን እርስዎ ይያዙት። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«እኔ? ምነው እኔ?»

«ጉድጓዱ በስምዎ ነዋ የተመዘገበው።»

«በኔ ስም አይደለም የኔ ልጅ፣ በገድሉ ነው። የተጠማን ሰው እንድመልስ ነው የምታስፈርመኝ?»

ኪሩቤል አቀረቀረ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ ያን ሁሉ ጉድ መሬት ውስጥ ሲያስቀብሩ የኖሩት ምንም ላይ አልፈረሙም። ሪባን የቆረጠው አልፈረመም። የፈረመችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

«ቆይ» አለች እስክሪብቶውን እንደያዘች። «ውኃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እንደሚገባኝ አድርገህ ንገረኝ።»

«እርሳስ አለ፣ ማንጋኒዝ አለ። የከፋው ግን ናይትሬት የሚባለው ነው። ትልቅ ሰው ይችለዋል። ጨቅላ ሕፃን ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

አገርነሽ የጉድጓዱን ጠርዝ ተደገፈች። «ቢፈላስ? ተፈልቶ ቢሆንስ?»

«ማፍላት ተሕዋስ ነው የሚገድለው፤ ይሄን አይነካውም። እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲያንስ እሱ እየጠነከረ ነው የሚሄደው። ለዚህኛው ባይፈላ ይሻላል።» ከዚያ ፊቷን አየና ደነገጠ። «በአካባቢው ሕፃን አለ እንዴ?»

«የለም» አለች።

እውነቷን ነው፣ የለም። ፈረመች።

ቦቴው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ መጣ። በሁለተኛው አንዴ እንኳ ብቅ አላለም፤ ነዳጅ ጠፋ ተባለ፣ መንገድ ተዘጋ ተባለ። የቧንቧው መስመር እንደ ሆነ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደ እነሱ ለመሻገር በጀት አላገኘም። ከተዳፋቱ አናት ቆሞ ላየ ጣና ከዳር እስከ ዳር ተንጣሎ ይታያል። ያን የሚያህል ውኃ እያዩ መጠማት ምን ዓይነት ቁጣ እንደሚያመጣ የማያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ የታሸገ ውኃ ከፊቱ አስቀምጦ የሚሰበሰብ ሰው ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ሀዲስ መንደርተኛውን አስከትሎ ደጇ መጣ። ከፊቱ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል።

«አገርነሽ! ዘበኝነት ተቀጠርሽ አሉ። ደመወዙስ እንዴት ነው?»

ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ውኃው መርዝ ነው አቶ ሀዲስ።»

«ሰባት ዓመት ጠጣሁት። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ጥርስዎስ የታል?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«የእሱ ጥርስ የወለቀው በአረቄ ነው፣ ውኃውን አታስሙት!» አለች ሌላዋ። እንደገና ሳቅ ሆነ። አቶ ሀዲስም ድዱን እያሳየ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«እሺ ቀልዱን እንተወው። መርዝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ውኃ ያመጡልን ነበር። ሌላ ካላመጡ መርዝ አይደለም ማለት ነው። ወይስ መርዝ መሆኑን አውቀው፣ ቆልፈውብን፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል ነው የምትይን? እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

አለ። መልሱ «አለ» ነበር። አገርነሽ ግን ሰው በሰው ላይ ይህን ያህል ይጨክናል ብላ ለመናገር አንደበት አልነበራትም። አንድ ሽማግሌ «ለነፍስ የሰጠሽውን ውኃ ትነጥቂያለሽ? ገድሉ ምን ይላል?» ሲሏት ከመቀነቷ መክፈቻውን አውጥታ ክዳኑን ከፈተችው።

ባልዲው ወረደ፣ ወጣ። «የገድሉን ነፍስ ይማር» አሉ አንድ በአንድ። እሷ ግን «አሜን» አላለችም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሰብለ ወንጌልን እንደ ሁለቱ ቀን ሁሉ ወረፋ ይዛ አየቻት፤ ስምንት ወር የገፋ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ጀሪካኑን ይዛ። የቆርቆሮውን ወተት ከአሁኑ ገዝታ ማስቀመጧን ያን ዕለት ራሷ ነገረቻት፤ እንደ በፊቱ ደጋግማ እንደምታፈላም።

አገርነሽ ክዳኑን በሰው ፊት ዘግታ ቆለፈችው። ሰው እየጮኸባት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ወደ ጣና ዳር።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከቅዳሴ ወጥተው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ወረቀቱን፣ ርሆቦትን፣ ማፍላቱን። ከዚያ ስታመነዥከው የሰነበተችውን ጠየቀች።

«አባቴ፣ ያ ሁሉ ነፍስ ይማር ለገድሉ ምን ሆኖት ይሆን? ሰው እየመረቀው መርዝ ሲጠጣ፣ ምርቃቱ ደረሰው ወይስ የሕፃኗ ደም?»

ቄሱ ብዙ መጽሐፍ የተማሩ ሰው ናቸው። «አላውቅም ወለተ ኪዳን» አሉ። «ባለማወቅ ያደረግሽውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እሺ፤ ካወቅሁ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። ሦስቱን ቀን እያወቅሁ አስቀዳሁ። ይኼስ የማን ነው?»

«እሱ የአንቺ ነው» አሉ። «እኔም ባርኬዋለሁና የእኔም ነው።»

ተነሥታ እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ተሳለመችና ተመለሰች።

ሰብለ ወንጌልን ያገኘቻት ደጃፏ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነው።

«ምነው እታገርነሽ፣ ሰው ሁሉ ሲሰድብሽ ዋለ እኮ» አለቻት። «ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል።»

«ርሆቦትን የገደላት ውኃው ነው» አለች አገርነሽ በአንድ ትንፋሽ። ቀስ ብላ ልትነግራት ነበር መንገድ ላይ ስትለማመድ የመጣችው፤ አልሆነላትም።

«ምች ነው ያሉኝ» አለች ሰብለ ወንጌል።

«ምች ነው ያልሁሽ እኔ ነኝ። ደጋግመሽ አፍዪው ያልሁሽም እኔ ነኝ። ማፍላቱ ነው ያጠነከረባት። ያ የውኃ ልጅ ነገረኝ።»

«መቼ ነገረሽ?»

«አሥራ ሁለት ቀኔ።»

ሰብለ ወንጌል ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። «ትናንት ቀዳሁ» አለች። «ትናንትና፣ ከትናንት ወዲያ። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ገመዱን ሁሉ ስበሽልኛል።»

ሰብለ ወንጌል ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋችው። 

በማግስቱ ገና ሲነጋ አገርነሽ ጉድጓዱን መድፈን ጀመረች። ገድሉ ማእድ ቤት ሊሠራበት ከምሮ ሳይሠራ የሞተበት ድንጋይ ነበር፤ አንድ በአንድ እየተሸከመች ወረወረችው። ውኃው ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። የረዳት የለም፣ የያዛትም የለም። አቶ ሀዲስ ብቻ ራሱን ይዞ «የገዛ ባሏን ሁለተኛ ቀበረችው!» ይል ነበር። እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ሲወድቅ የውኃ ድምፅ ቀረ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያርፍ ብቻ ተሰማ። እሷ ግን እስኪመሽ አፈር ከመረችበት።

ከዚያ ወዲህ የገድሉን ስም የሚጠራ ጠፋ። መንደሩ ደግሞ የራሱን ምርመራ አድርጎ ውጤቱን አወጣ፤ ውኃው የከፋው ተዝካሩ ስላልተበላ ነው አለ። ገድሉ ሳይበላለት ቀርቶ አዝኖ ነው፤ እንጂ መሬቱ ምን አደረገ? ይህን ያሉት ደደብ ስለሆኑ አይደለም። ላቦራቶሪው የደረሰበትን ነገር ደጃቸው ድረስ መጥቶ በትዕግሥት ያስረዳቸው ሰው ስለሌለ፣ ቢያስረዳቸውም ሌላ ውኃ ስላልሰጣቸው ነው። ኪሩቤልን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት አሉ። ክልከላውን የሚናገር ሰሌዳ ግን ተተከለ፤ አስፋልቱ ዳር፣ በመኪና የሚያልፍ ሰው እንዲያነበው።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ሀዲስ ግቢ አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረ። በዚህኛው አልተሳሳቱም፤ መጀመሪያ በሬ አረዱ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ግቢው ከአገርነሽ ቤት ስልሳ እርምጃ ወደ ላይ ነው። ወደ ቆሻሻው።

አገርነሽ ወደዚያ ግቢ ሄዳ ለመነች፣ «ልጅ ላለው አትስጡ» አለች፤ ሴቶቹ ገፍትረው አስወጧት። ከዚያ መናገሩን ተወችው። ሲነጋጋ በባጃጅ ከተማው ውስጥ ወዳለው ወደ ፋሲሎ ሰፈር ትወርዳለች፤ እዚያ ከምታውቃት ሴት ቧንቧ ሁለት ጀሪካን ሞልታ ትመለሳለች። አንዱን ለራሷ ታስቀራለች። አንዱን ሰብለ ወንጌል በር ላይ አስቀምጣ፣ ሳታንኳኳ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን ሰብለ ወንጌል ወጥታ ጀሪካኑን በእግሯ አጋደመችው፤ ውኃው ተንዶልዱሎ ቦዩ ውስጥ ገባ። በማግስቱ አገርነሽ ደግማ አመጣች። ደፋችው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶች ቆመው እያዩ ደፋችው።

ከዚያ ሰብለ ወንጌል ወንድ ልጅ ወለደች። አገርነሽ እልልታውን ከቤቷ ሆና ሰማች፣ አልሄደችም። ጀሪካኑን ግን አላስታጎለችም። ከቀናት በኋላ የእናቲቱ ጡት እንደ በፊቱ እምቢ ማለቱን ከባጃጅ ነጂው ሰማች፤ የሰብለ ወንጌል ባል የቆርቆሮ ወተት ፍለጋ ከተማውን ሲያዳርስ አግኝቶት ነበር።

በክርስትናው ሳምንት አንድ ጧት ጀሪካኑን አስቀምጣ ስትመለስ ከበሩ ወዲያ የሕፃኑን ለቅሶ ሰማች። ደኅና ለቅሶ ነበር፣ ጉልበት ያለው። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋን ወደዚያ ጥላ ዋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባዶውን ጀሪካን ልታነሣ ሄደች። አልተጋደመም። ክዳኑ ተከድኖ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አነሣችው፣ ባዶ ነው።

ልታንኳኳ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ጎንበስ አለች፣ ከበሩ ጎን ወዳለው ቦይ ዳር ሄደች፣ መሬቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

እርጥብ ነበር፤ ዛሬም ደፍታዋለች።